ሎቲ ያደረገው ጅብ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው እንስሳ መሣል ነበር።

ምን ታፈጥብኛለህ? ተቀመጥ እንጂ፣ መምህር አንለይ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ ብመነኩስም ባረጅም ጆሮዬ ገና አልደከመም። «እማሆይ፣ ለቀልድ ነው ያልኩት፣ ክፋት አልነበረብኝም፣ እሱ ራሱም አብሮን ስቋል። ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄው ይቅር ብሎኛል። ታዲያ ለምን እንቅልፍ አጣሁ? ከዚህ በላይ ምን ቀረብኝ?» ነው ያልከኝ። ያ አብሮህ የሚያስተምረው መምህር ምንይችል ሲናገር እንደሚንተባተብ ነገርከኝ። አንተ መምህራን በምታርፉበት ክፍል ውስጥ «ኔትወርክ» ብለህ ስም እንዳወጣህለት፣ ስሙ ከዚያ ክፍል ወጥቶ የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ እንደያዘው፣ አሁን ሰውየው ማስተማሩን ትቶ አገር ሊለቅ እንደሆነም ነገርከኝ። ይበቃኛል። አሁን እኔ ልናገር፣ አንተ ስማ። አስተማሪ መስማት ይከብደዋል፣ አውቃለሁ።

እንግዲህ ያ ሰው የተማረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነበር። ግን ግድግዳ የሚሰጠው አጣ። በአገሩ ያለው ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ነው፤ ግድግዳው እሱ ሳይወለድ በሌላ ሰው እጅ ተሥሎ አልቋል። ስለዚህ ጸሐፊዎች ብራና ሲቆርጡ የሚጥሉትን ቁራጭ እየለቀመ፣ መዳፍ በማታክል ነገር ላይ እንስሳ ይሥል ነበር።

አሣሣሉም የራሱ ነው። መጀመሪያ ከአፈርና ከአበባ ያወጣውን ቀለም በብዙ ውሃ ያቀጥንና ብራናው ላይ ጠብ አድርጎ ይተወዋል። ቀለሙ ወደፈለገበት ይሄዳል። ሲደርቅ ያነሣዋል፣ ያዞረዋል፣ ይዘቀዝቀዋል፣ ከሩቅ ያየዋል። በመጨረሻ ከዚያ እድፍ ውስጥ አንድ እንስሳ ይታየዋል። ያን ጊዜ የመቃ ብዕሩን ከድስት ጥላሸት ባበጀው ጥቁር ቀለም ነክሮ ዓይን ያወጣለታል፣ ጆሮ ያወጣለታል፣ እግርና ጅራት ያበጅለታል። ጃርት በገዛ እሾኋ ስትጽፍ። ዔሊ ገበያ ልትሄድ ብላ ጀርባዋን በቁልፍ ስትቆልፍ። አህያ ጃንጥላ ዘርግታ ስትሄድ፣ ጭነቱን ጌታዋ ተሸክሞ። ድመት በዐቢይ ጾም ከሥጋው ፊቷን አዙራ ስትቀመጥ፤ ፊቷ ዞሯል፣ ዓይኗ ግን አልዞረም።

ሰው ያያል፣ ይስቃል። ሐዘን የከበደበት ሰው እንኳ አንዷን ቁራጭ ይዞ ፈገግ ይል ነበር ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከአሁኑ ልብ በል፤ ኋላ «እሱማ ክፉ ነበር» ብለህ እንዳታመልጠኝ።

ይህ ሰው አንድ ወዳጅ ነበረው፣ ቀጥቃጭ። አገሩ ስለ ቀጥቃጭ የሚለውን አንተም ሰምተህ አድገሃል። እኔ ልደግመው አልወድም፣ ካልደገምኩት ግን ነገሩ አይያዝልህም። ቀን ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይወጣል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። ማረሻውን ይፈልጉታል፣ ማጭዱን ይፈልጉታል፣ ማዕዱን ግን አይፈልጉትም። ቤቱ ገብቶ እህል የሚቀምስ የለም። ሕፃን ያዘለች እናት በደጁ ስታልፍ ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሰውየውም ያያል። አይቶ ምን ያደርጋል? መዶሻውን ያነሣል።

ሠዓሊው ግን ይበላ ነበር። መጀመሪያ የሄደው ብራና የሚፍቅበትን ምላጭ ሊያሠራ ነው። ምላጯ ተሠርታ አለቀች፣ ዝናብ መጣ፣ ዝናቡ ሳያባራ ምሳ ደረሰ። የቀጥቃጩ ሚስት ሽሮውን ይዛ በበሩ መሐል ቆመች፤ ብሉልን ማለት አፈረች፣ ሳይሉ መብላትም አፈረች። ሠዓሊው ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ሆኑ። ሠዓሊው ሲመላለስ ግን በጓሮ በኩል ነው የሚገባው፣ በጓሮ በኩል ነው የሚወጣው። ይህንንም ልብ በልልኝ።

ሁለቱ ሲገናኙ ያ የአገር ሐሜት መጫወቻቸው ሆነ። «ዛሬ ደግሞ ማንን በላህ?» ይላል ሠዓሊው ሲገባ። ቀጥቃጩ ወናፉን እየነፋ «አንተን አስቤ ነበር፣ አጥንት ብቻ ሆንክብኝና ተውኩህ» ይለዋል። ሚስቲቱ ትስቃለች። ልጃቸው ትስቃለች። ቀጥቃጩ ይህን ሳቅ በጣም ይወደው ነበር። ሌላው ዓለም ሁሉ በሹክሹክታ የሚለውን ነገር በግልጽ ብለው የሚስቁበት አንድ ቤት ነበረው፤ አብሮት የሚስቅም አንድ ሰው ነበረው። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቤት ለሌለው ሰው ቀላል ነገር አይምሰልህ።

አንድ ቀን ሠዓሊው ቀለሙን አፍስሶ ቢያዞረው ከእድፉ ውስጥ ጅብ ወጣ። ሳቁ መጣበት። ጅቡን ቆዳ አሸርጦ ወናፍ ሥር አስቀመጠው፤ ጉንጩን ነፍቶ እሳት ሲያናፋ። በጆሮው ላይ ደግሞ ትንሽ የመዳብ ሎቲ አደረገለት። ያቺ ሎቲ የቀጥቃጩ ናት። ከሱ በፊት የተወለዱ ወንድሞቹ በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱባት፣ እናቱ ሞት ለይቶ እንዳያውቀው ብላ ጆሮውን በስታ ያጠለቀችለት ናት። ጎልማሳ ሆኖም አላወለቃትም።

ወስዶ ሰጠው። ቀጥቃጩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እንዲያው ሎቲዬን እንኳ አልተውክልኝም» አለው። ሚስቱን ጠርቶ አሳያት። ከወናፉ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሰካው። ሥዕሉ እዚያ ቢቀር ኖሮ እኔም የማወራው አይኖረኝም ነበር።

ሠዓሊው ግን ያ ሳቅ ከጆሮው አልወጣ አለው። እንዲያ ያሳቀ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። የከተራ ዕለት አገር ሲሰበሰብ ሥዕሎቹን በገመድ ሰክቶ ደጁ ላይ የማንጠልጠል ልማድ ነበረው። ለዚያ ቀን ጅቡን ደግሞ ሣለው፤ ሽርጡን፣ ወናፉን፣ ሎቲውን፣ አንድም ሳያስቀር። ወዳጁን አልጠየቀውም። «ራሱ ስቆበት የለም እንዴ?» አለ በልቡ። ይህችን ቃል ዛሬ ከሌላ አፍም ሰምቻታለሁ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም።

አንድ ባለጠጋ አየና ጅቡን ወሰደው። ቤቱ ድግስ ነበርና ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ግን የቀጥቃጩ ቤት ሳቅ አልነበረም። በቀጥቃጩ ቤት የሚስቁት ነገሩ ውሸት ስለሆነ ነው። በባለጠጋው ቤት የሳቁት እውነት መስሏቸው ነው። ጅቡ ያው፣ ሎቲው ያው። የሣለውም እጅ ያው ነው።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲያልፍ የባለጠጋው ልጅ ታመመ። ንዳድ ነው። በዚያ ሰሞን ንዳድ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ግን የድሃ ልጅ ሲታመም ንዳድ ነው ይባላል፣ የባለጠጋ ልጅ ሲታመም ሰው በላው ይባላል። ሥዕሉን ከግድግዳ አወረዱት። «ይኸው፣ ምን ትፈልጋላችሁ? ሠዓሊ ያላየውን አይሥልም። ሎቲውን ሳይቀር አይቶ ነው ያስቀመጠው» ተባባሉ። አገሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ቀጥቃጩን አመጡት። ሠዓሊውንም አስጠሩት።

አንድ ነገር ሳልነግርህ እንዳላልፍ። በዚያው ዓመት አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ነበር። ጣራው ገብቷል፣ ግድግዳው በኖራ ተለስኗል። ማን ይሣለው ሲባል የዚህ ሠዓሊ ስም ተነሥቷል፣ ገና ግን አልተቆረጠም። የሚቆርጡት ደግሞ ዋርካው ሥር የተቀመጡት እነዚያው ሽማግሌዎችና የደብሩ አለቃ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ በቁራጭ ብራና ላይ የኖረ ሰው፣ በመጨረሻ ግድግዳ ሊያገኝ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ልበ ደግ ነበሩ። ነገሩ እንዲበርድ ፈለጉ። ሥዕሉን አንሥተው፣

«ይህን የሣልከው አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«አይተህ ነው?»

«ኧረ ለሳቅ ነው። እንዲያው ለጨዋታ።»

«መልካም። የምትጫወትበት ከሆነ ታውቀዋለህ ማለት ነው። እንግዲህ ንገረን፤ ቤቱ ትገባለህ? እህሉን ትቀምሳለህ? ቀምሰህ አንዳች ያገኘህ ነገር አለ?»

ልብ አድርግ። ሽማግሌው መንገዱን ጠርገው ነው የሰጡት። «አዎን፣ ስንት ዘመን በልቻለሁ፣ ይኸው ፊታችሁ ቆሜአለሁ» ቢል ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ሠዓሊው አፉን ሊከፍት ቀና ሲል የደብሩ አለቃ ትኩር ብለው ሲያዩት አየ። በቀጥቃጭ ማዕድ የገባ እጅ ግድግዳችንን አይነካም ይሉ ይሆን የሚል ሐሳብ መጣበት። ያ ነጭ ግድግዳ ከፊቱ መጣ።

«እኔ እሱ ቤት አልበላም» አለ።

ቀጥቃጩ ከጎኑ ቆሞ ነበር። አልተቆጣም፣ አልማለም፣ «ዋሸህ» እንኳ አላለውም። ዞር ብሎ አየው ብቻ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እሳቱ ላይ ውሃ ደፋበት፣ ወናፉን ጠቀለለ፣ መዶሻና ጉጠቱን በጆንያ ከተተ። ሚስቱንና ልጁን ይዞ አገር ለቀቀ። ያባረረው የለም። እዚያ መቆም ስላልቻለ ሄደ።

እሱ በሄደ ሰሞን የባለጠጋው ልጅ ዳነ። ንዳዱ ለቀቀው፣ ተነሥቶ ተጫወተ። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ሕፃን ነው፣ ምን አደረገ። ግን የባሰው በዚህ መጣ። ልጁ ባይድን ኖሮ አንዱ እንኳ «ሰውየው ሄዷል፣ ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠራጠር ነበር። ልጁ ሲድን ግን መጠራጠር ቀረ። ባለጠጋው ሥዕሉን በበሩ ጉበን ላይ ቸነከረው፣ እንደ ክታብ ይጠብቀኝ ብሎ።

ሠዓሊው ያን ጊዜ መናገር ጀመረ። በመንገድ ያገኘውን ሁሉ «እኔ እኮ ለቀልድ ነው የሣልኩት» ይል ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እሱንም ቢሆን «ለቀልድ ነው» ይላል እንጂ «ቤቱ በልቻለሁ» አይልም። ይህችን አንዲት ቃል እየዞረ አለፋት። ሰዎቹም «አይ አንተ፣ ትሑት ነህ» እያሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉት ነበር።

ባዶውን ቤት ሊያይ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት በር ገባ። የመጀመሪያው ሥዕል ከወናፉ ጀርባ በነበረበት ቦታ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ቀጥቃጩ አልወሰደውም። ሠዓሊው ያቺን ወዳጁ የሠራለትን ምላጭ አውጥቶ ጅቡን ይፍቀው ጀመር። የውሃው ቀለም ቶሎ ለቀቀ። ጥቁሩ ግን ብራናው ውስጥ ገብቷል። ሲፍቅ፣ ሲፍቅ ብራናው ተቀደደ፤ በሎቲዋ በኩል ነው የተቀደደው።

ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ይጎርፍ ጀመር። «ለኔም በር ያንን ጅብ ሣልልኝ» ነው ሁሉም የሚለው። እምቢ አለ። እሱ እምቢ ሲል እጁ የማይረባ አንድ ሌላ ሰው እየገለበጠ ይሥልላቸው ነበር። ጅቡ ከበር ወደ በር በሄደ ቁጥር ጉንጩ ጠፋ፣ ሽርጡ ጠፋ፣ ጥርስ አወጣ። ሎቲውን ግን ማንም አልረሳውም።

አንዲት ሴት መጣች፣ ደህና ሴት፣ ጾም የማትገድፍ። «አጥር የምንጋራት ሸክላ ሠሪ አለች» አለችው። «እሷንም ጅብ አድርገህ፣ እንስራ አሸክመህ ሣልልኝ። ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ።» ሠዓሊው ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሣ። ሴትየዋ ግራ ገባት። «ምነው፣ ለባለጠጋው ሥለህ የለም እንዴ?» አለች። ያን ዕለት ብዕሩን አስቀመጠ፤ ቀለም ማፍላትም ተወ።

ሲበዛበት ተነሥቶ ወዳጁን ፍለጋ ወጣ። እየጠያየቀ፣ ሩቅ ቆላ አገር በአንድ ገበያ ዳር አገኘው። ቀጥቃጩ ከስቷል። ሚስቱ ምንጭ ወርዳ፣ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ቀድተው እስኪሄዱ ራቅ ብላ ትጠብቅ ነበር። ያ ባለ ጥርስ ጅብ በነጋዴ እጅ ከሠዓሊው ቀድሞ እዚያ ደርሷል።

ሠዓሊው እግሩ ላይ ወደቀ። ቀጥቃጩ አነሣው። አስቀመጠው፣ ውሃ አቀረበለት፣ ምሳም አቀረበለት። ሠዓሊው እያለቀሰ በላ።

«ይቅር በለኝ» አለው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ቀጥቃጩ። «ከልቤ ነው፣ ቂም የለኝም። ግን ወንድሜ፣ ይህን ቃል ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክመህ ወደኔ ለምን አመጣኸው? ሰው እንዳልበላሁ እኔ አውቃለሁ። ቤቴ እንደበላህም አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።»

ሠዓሊው «እሄዳለሁ፣ እነግራቸዋለሁ» አለ። ማለ። ሲለያዩ ቀጥቃጩ በፊት በር ሸኘው።

የደረሰው እሑድ ነበር። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። ሠዓሊው መጥቶ መሐላቸው ቆመ። እኚያ ልበ ደግ ሽማግሌ ቀና ብለው «ምነው ልጄ፣ የምትለን ነገር አለ?» አሉት። እንደገና መንገዱን ጠረጉለት። አቧራ የለበሰ እግሩን አየ፤ የደብሩን አለቃ አየ፤ ከዛፉ ወዲያ የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ኖራ አየ።

«የለም አባቴ፣ ላርፍ ብዬ ነው» አለ።

ግድግዳውን ሰጡት። ሣለው። እጁ የታወቀ ነው፣ ሲያምር ሌላ ነበር አሉ። የኖኅን መርከብ በሣለበት በኩል እንስሳት ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ፤ ጃርቶቹም፣ ዔሊዎቹም፣ ድመቶቹም። በመሐል ግን የሁለት እንስሳ ቦታ ባዶውን ትቶታል፤ ነጭ ኖራ ብቻ። የጅቦቹ ቦታ ነው። መናገር ያቃተውን ያ ባዶ ቦታ ይናገርልኛል ብሎ ነበር። ሰው ያየዋል፣ ይጠይቃል፣ አንድ ቀን ይገባዋል ብሎ።

ሰውም አየው። ምን ያለ ይመስልሃል? «ደግ አደረገ። ጅብማ መርከቡ ውስጥ ምን ይሠራል» አለ። አመሰገኑት። እናቶች ልጆቻቸውን እያመጡ ባዶውን ቦታ ያሳዩ ነበር፤ «አያችሁ፣ ቀጥቃጩ እዚህ አልገባም» እያሉ።

ከዚያ ወዲያ ሠዓሊው በቁራጭ ብራና ላይ አንድ ነገር ለመሥራት ይሞክር ነበር ይባላል። ቀለሙን ያፈስሳል፣ ያደርቃል፣ ያዞራል፣ ይዘቀዝቃል። እድፍ እንደሆነ ይቀርበታል። እንዲህ ሆኖ አርጅቶ ሞተ። ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው ነበር። ቀጥቃጩ ግን ተመልሶ አልመጣም፤ ልጁም ያቺን አገር ዳግም አላየቻትም።

አለቀ። አንለይ፣ ቀና በል እንጂ፤ መሬቱን ምን ትቆፍረዋለህ?

ሠዓሊው አንተ ነህ። ጅቡ ያ ያወጣኸው ስም ነው። ምንይችል ስቋል ብለኸኛል፤ አምንሃለሁ። አብሯችሁ ሻይ ሲጠጣ ምላሱ ቢያዝ፣ አንተ «ኔትወርክ የለም» ብትል፣ ሰውየው ሳቀ። ለምን አይስቅ? በወዳጆቹ መሐል ነው፤ መንተባተቡ እዚያ ምንም አልነበረም። ልጆቹ ግን እሱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ አንዲት ቃል ሲያምጥ «ኔትወርክ ጠፋ!» ብለው ሲያጨበጭቡ፣ ያ ሳቅ ሌላ ሳቅ ነው። ሰውየው ያወቀው ሁሉ አፉ ላይ ቀረበት። ከዚያ በኋላ ማስተማር ምን ቀረው?

ሌላም ነገር ነግረኸኛል፤ ጉሮሮህን ጠራርገህ ቶሎ ብታልፈውም እኔ ይዤዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ ሁላችሁንም ሰብስቦ «ይህን ስም ማነው ያወጣው?» ሲል፣ አንተ ምን አልክ? «እኔም ከተማሪዎቹ ነው የሰማሁት» አልክ። ምንይችልም እዚያው ተቀምጦ ነበር። «እኔ እሱ ቤት አልበላም» ማለት ይህች ናት። ስሙን በማውጣትህ ቀልደሃል እንበል። በዚህች ግን አልቀለድክም።

ኋላ ቤቱ ሄድክ፣ ይቅርታ ጠየቅኸው፣ ማረህ። ደግ አደረግህ፤ እሱም ጨዋ ነው። ግን ስሙን ያወጣኸው አንተ እንደሆንክ እሱ ያውቃል። ምላሱ ቢያዝ አእምሮው እንዳልተያዘም ያውቃል። ልጄ፣ የማያውቁት እነሱ ናቸው። አንተ ይቅርታህን ሁሉን ወደሚያውቀው ሰው ወሰድክና፣ ምንም ወደማያውቁት ሳታደርስ ተመለስክ። እንቅልፍ ያጣኸው ለዚህ ነው። ጸሎት ይያዙልኝ ልትለኝ ነበር የመጣኸው፤ እይዛለሁ፣ ግን ጸሎቴ ሄዶ ሰልፍ ላይ አይቆምልህም።

«የት ልናገር ታዲያ?» ነው የምትለኝ? ጠዋት ባንዲራ ስትሰቅሉ ሁሉም ይሰለፋል አይደል? ርዕሰ መምህሩም፣ ልጆቹም፣ እሱም። እዚያ ወጥተህ «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከናንተ ሰማሁ ያልኩትም ውሸቴን ነው» ትላለህ። እንዲህ ነው፤ «ለቀልድ ነው» አትጨምርበትም።

«እማሆይ፣ ያን ሁሉ ተማሪ ፊት?»

ስሙን ስታወጣለት ስንት ሰው ይሰማዋል ብለህ ቆጥረህ ነበር?

ይኸውልህ፣ ይጠሉኝ ይሆን፣ ይንቁኝ ይሆን ትላለህ። ይንቁህ ይሆናል፤ አልዋሽህም። ደግሞም ተናግረህም ምንይችል ይሄድ ይሆናል፤ ይቀራል ብዬ ቃል አልገባልህም። ከሠዓሊው የምትሻልበት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለህ። ያንተ ሰው እሳቱን ገና አላጠፋም። መቼ ነው የሚሄደው አልከኝ?

«ነገ ከሰልፍ በኋላ ሊሰናበት ነው እማሆይ።»

ሰልፉ በስንት ሰዓት ነው?

«በሁለት ሰዓት።»

እንግዲያ ተነሥ፣ ሂድ። በጊዜ ተኛ፣ ነገም ቀድመህ ድረስ። በፊተኛው በር ግባ።